የሚታጠፍ ወንበር

እኔ ሶጎስ ነኝ፣ ወናፍ ነፊ የነበርኩ፣
ከማስቱስ እግር ሥር በጥላሸት ያደግኩ።
ዛሬ ዓይኔ ፈዟል፤ ጣቴ ግን ያያል፣
መሐለቅ ሲዳብስ የማን እጅ እንዳተመው ያውቃል።

በብርዱ ወራት ባሕሩ ሲጋገር፣
በሬ የጠመደ ጋሪ በላዩ ሲሻገር፣
ከተማችን ፓንቲካፔ፣ ዓሣዋን በጨው ቀብራ፣
ስንዴዋን ከምራ፣
የሮምን መርከብ ትጠብቃለች፤ ሸራ ባየች ቁጥር
ልቧ እየጓጓ፣ ልቧ እየፈራ።

አንድ ዓመት መርከቡ ስጦታ ይዞ መጣ፤
ከሳጥን ውስጥ ወጣ
የዝሆን ጥርስ ወንበር፣ የወርቅ አክሊል፣ በትር፣
«ለወዳጃችን» የሚል ደብዳቤ፣ የታሰረ በቀይ ክር።
ንጉሣችን ከዙፋኑ ተነሥቶ አነበበው ይሉናል።
ለደብዳቤ የተነሣ ንጉሥ መልሶ የት ይቀመጣል?

በማግሥቱ ትእዛዝ ደረሰን፦
«ወርቁን ተዉት፤ በወርቁ ላይ የሮሙ ጌታ ፊት አለ፤
መዳቡ የኛ ነው፤ ወንበሩ ይቀረጽበት፣ ያለ…»
«ያለ ምን?» አለ ማስቱስ። «ያለ ሰው።»
መልእክተኛው ሄደ። ጌታዬ ጢሙን አሸው።

ወንበሩን ግን አላየም። ያላዩት እንዴት ይቀረጻል?
መሮ ጠንቋይ አይደለም፤ እጅ ያልዳሰሰውን ይስታል።
ሦስት ቀን የገዛ ዱካውን ፊቱ አስቀምጦ ሠራ፣
አራት ቀጥ ያለ እግር፤ «ይኼ የጎጆ ነው» ብሎ ፋቀው፤
እንደገና ሊጀምር ፈራ።

በአራተኛው ሌሊት ለዘበኛው ለኮዳርዞስ
አንድ ገንቦ ወይን ከፍለን፣ መብራት ያዥ እኔ ሶጎስ፣
ገባን ወደ ግምጃ ቤት። ወንበሩን አጣነው።
ግድግዳ የተደገፈ፣ ጠፍጣፋ፣
እንደ ተዘጋ መስኮት ያለ ነገር ነው ያየነው።
«ይኸው» አለ ዘበኛው፤ አንሥቶ ዘረጋው፤
እግሩ እንደ መቀስ ተላልፎ ቆመ፤ መልሶም ዘጋው።
ዘረጋው። ዘጋው።

ጌታዬ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ከሆዱ አልነበረም።
«ሶጎስ» አለኝ መንገድ ላይ፣ «ይኼስ ብዙ አይከርምም።
ዙፋን ድንጋይ ነው፣ ካልሆነም ግንድ፣ ከአፈር የተጋባ፤
ይኼ ግን ታጥፎ
በአንድ ሰው ብብት የሚገባ።»

ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ በብረቱ ላይ ቆፈረ፣
(እንዲህ ነው የኛ ሥራ፤ ከግልብጡ ነው እውነቱ የተፈጠረ)
እግሮቹ በተላለፉበት መሐል አንዲት ነጥብ ወጋ፣
የማጠፊያዋን ምስማር፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያልሰፋች ጠባብ አልጋ።
እኔ ነፋሁ። መዳቡ ቀላ። መዶሻው ወረደ።
በቀን አንድ ሺህ ወንበር፣
ሁሉም ባዶ፣ ገበያ ሄደ።

ሄዲስቴ፣ ዓሣ ሻጯ፣ ጨው የሰነጠቀው ጣቷ ላይ አድርጋ
አየችው፤ ጠየቀችኝም፣ ቅርጫቷን ወደ ጎን ጠጋ አድርጋ፦
«ማነው የሚቀመጥበት?»
«ንጉሡ።»
«የታለ?»
«በወዲያኛው ፊት አለ።»
ገለበጠችው። አየችው። ገለበጠችው። ሣቀች።
«እንግዲያው መቼም አይቀመጥ» ብላ ዓሣዬን መዘነች።

ማስቱስ ሞተ፤ ንጉሡም ሞተ፤ ሌላው ነገሠ፣ እሱም አለፈ፤
ወንበሩ የት እንደገባ እንጃ፣ በማን ብብት እንደታቀፈ።
እኔ ዛሬ ቤሳ ቤስቲን የለኝም፣ ከዚች ከአንዲቷ በቀር፤
የንጉሡ አፍንጫ አልቋል፤ ከአክሊሉም የቀረው
ጠርዙ ብቻ ነው፣ እንደ ጥፍር።
እግሮቹም የሉ። አውራ ጣቴን ሳሳርፍ ግን መሐሉ ላይ
ያቺ ነጥብ ትወጋኛለች፤ ማጠፊያዋ፤ ሳላይ።

ስሞት ከምላሴ ሥር አኑሩልኝ፣ እንደ አባቶቻችን ልማድ፤
በጨለማው ወንዝ የሚቀዝፍ ሽማግሌ አለ፣
ደመወዙ መዳብ፣ ኑሮው መንገድ፤
ስንቱን ሙት ሲያሻግር አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም ይባላል።
ከማጠፊያዋ ይዞ ይዘርጋው።
ትንሽ ያርፍበታል።